ከመጠኗ በላይ የተወራላት ስሜረንበርግ

በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ፣ ዛሬ በኖርዌይ ሥር በሚተዳደሩት የስቫልባርድ ደሴቶች ውስጥ፣ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከ10,000 በላይ ሕዝብ የሚርመሰመስባት ከተማ ነበረች ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ ኖሯል። ስሟ ስሜረንበርግ ነው፤ ሆላንዶች ዓሣ ነባሪ እያደኑ ስቡን ወደ ዘይት የሚያቀልጡባት ጣቢያ ነበረች። ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የቁማር ቤት፣ ሌላው ቀርቶ ሴተኛ አዳሪዎች እንደነበሩባት፣ ጠዋት ጠዋትም ትኩስ ዳቦ ከምድጃ መውጣቱ በጡሩምባ ይነገር እንደነበር የሚተርኩ ጽሑፎች አሉ። ከተራኪዎቹ መካከል ስመ ጥር የዋልታ አሳሾች ሳይቀሩ ስለሚገኙበት፣ አንባቢ ባይጠራጠር አይፈረድበትም። ከኔዘርላንድ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሄዱት አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1981 ቦታውን ሲቆፍሩ ያገኙት ግን ባሕሩ ዳር ከተሰለፉ፣ ቁጥራቸው ሃያ ከማይሞላ ቤቶች የተረፈ መሠረትና በስብ የጠቆሩ ክብ የምድጃ ቅሪቶችን ነው። መንደሯ በደራችበት ዘመን እንኳ በአንድ ጊዜ የሚኖርባት ሰው ከ200 ብዙም እንደማይዘል ይገመታል፤ ያውም በበጋ ብቻ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጋ ስልም የሰሜኑን፣ ፀሐይ የማትጠልቅበትን በጋ ማለቴ ነው።)

ከ10,000 በላይ የተባለው ሰው ወደ 200 ሲወርድ ነገሩን የቁጥር ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ወሬ ሲጋነን አንድ የተመረኮዘበት ነገር አለው፤ እኔም ስለዚህች መንደር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የቆየሁት ይህን መመርኮዣ ፍለጋ ነው ማለት እችላለሁ። የደረስኩበት ግምት ይህ ነው፦ ከዚያ አካባቢ የወጣው ዘይት የአውሮፓን ኩራዝ ያበራ፣ የሳሙና ፋብሪካዎቿን ያንቀሳቀሰ ነበር። በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ደግሞ የደረሱት ዓሣ ነባሪ ወደማይታይበት ወሽመጥና በመቃብር ወደ ተሞላ ጠረፍ ነው። ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች ለውጤቱ የሚመጥን ከተማ ሰፉለት። ጥቂት መቶ ሰዎች፣ ጥቂት ጎላዎች እና ጥቂት አሥርት ዓመታት ለዚህ ሁሉ ይበቃሉ ብሎ ማመን ከብዷቸዋል። ለእኔም ቢሆን ከከተማው ተረት ይልቅ እውነቱ የበለጠ የሚያስደነግጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስሜረንበርግ ያረፈችበት አምስተርዳም ደሴት 19 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ መሐሉ ተራራ፣ ደቡብ ምሥራቅ ጥጉ ደግሞ ወደ ባሕር የወጣ ዝቅተኛ አሸዋማና ጠጠራማ መሬት የሆነ ቦታ ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 80 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው በመሆኑ በክረምት ለአራት ወራት ያህል ፀሐይ አትወጣበትም። ዛፍ የለም፤ ሞገድ ከሩቅ የሚያመጣው ግንድ ካልሆነ በቀር ማገዶም የለም። የደሴቶቹን ስብስብ በ1596 ያገኘው ሆላንዳዊው ቪሌም ባረንትስ ሲሆን፣ እሱ ይፈልግ የነበረው በሰሜን በኩል ወደ እስያ የሚያሻግር የንግድ መንገድ ነበር። መንገዱን አላገኘም፤ እሱም በዚያው ጉዞ ሕይወቱ አለፈ። ከእሱ በኋላ የመጡ መርከበኞች ግን ወሽመጦቹ በዓሣ ነባሪ የተሞሉ መሆናቸውን ለአገራቸው ነጋዴዎች አወሩ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የንግድ ታሪክ ነው።

በ1611 የእንግሊዞቹ ሙስኮቪ ኩባንያ መርከቦቹን ለአደን ሲልክ ስድስት ባስኮችን ቀጥሮ ነበር። ባስኮች፣ በዛሬዋ ስፔንና ፈረንሳይ ድንበር የሚኖሩት ሕዝቦች፣ ይህን ሙያ በምዕራብ አውሮፓ ከማንም በፊትና ከማንም በላይ ያውቁት ስለነበር እነሱን ሳይዝ የሚሄድ አልነበረም። በማግስቱ ዓመት ሆላንዶች ተከተሉ። በ1613 እንግሊዞች ሰባት መርከብ ይዘው መጥተው ሌላውን ሁሉ ከየወሽመጡ አባረሩ፤ የአንዳንዶቹንም ጭነት ወረሱ። ሆላንዶችም በ1614 ኖርድሰ ኮምፓኒ የተባለውን፣ ከየከተማው በመጡ ነጋዴዎች የቆመ ኩባንያ መሥርተው፣ ከመንግሥታቸው ብቸኛ የማደን መብት አግኝተው፣ የጦር መርከብ አጅቧቸው ተመለሱ። እስከ 1618 ድረስ ሲቀማሙና ሲተኳኮሱ ከቆዩ በኋላ ጠረፉ በተግባር ተከፋፈለ፤ እንግሊዞች ደቡባዊዎቹን ወሽመጦች፣ ሆላንዶች የሰሜን ምዕራቡን ጥግ ያዙ። ዴንማርኮች ለተወሰኑ ዓመታት በስሜረንበርግ ከሆላንዶች ጎን ነበሩ፤ በኋላ ወደ ጎረቤቱ ደሴት ተገፍተው ሄዱ። የማንም ያልሆነ፣ ነዋሪ ያልነበረው መሬት በአንድ ትውልድ ውስጥ ይህን ያህል ጠበኛ ማፍራቱ የሚገርም ቢመስልም፣ የጠቡ ምክንያት መሬቱ አልነበረም። ዓሣ ነባሪው የሚቀቀለው የብስ ላይ በመሆኑ፣ መርከብ ለማቆም የሚመች ጸጥ ያለ ወሽመጥና ምድጃ ለመሥራት የሚመች ደልዳላ ጠረፍ የያዘ ሰው አደኑን ያዘ ማለት ነበር።

የሚታደነው ቦውሄድ የሚባለው ዝርያ ነው። ርዝመቱ እስከ 18 ሜትር ይደርሳል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ውፍረት እስከ ግማሽ ሜትር ይሆናል። በጥርስ ፋንታ ከላይኛው መንጋጋው የሚንጠለጠሉት፣ እንደ ቀንድ የጠነከሩ ነገር ግን እንደ ልብ የሚተጣጠፉ ዝርግ ዘንጎች እስከ አራት ሜትር ይረዝማሉ። ሲዋኝ ዘገምተኛ ነው፤ ሲገደል ደግሞ፣ ከብዙዎቹ ዘመዶቹ በተለየ፣ በስቡ ብዛት አይሰጥምም። በዚያ ዘመን መሣሪያ፣ በመቅዘፊያ ጀልባና በእጅ በሚወረወር ጦር፣ ሊታደን የሚችለው እንዲህ ያለው ብቻ ነበር። ብርድን የሚመክትበት ስቡ ራሱ ነው ለአዳኞቹ አሳልፎ የሰጠው።

ሥራው ይህን ይመስል ነበር። ስድስት ያህል ሰዎች በያዘች ጀልባ ላይ ሃርፑነኛው ከፊት ቆሞ፣ ረጅም ገመድ የታሰረበትን መንጠቆ ያለው ጦር ይወረውራል። የተወጋው ዓሣ ነባሪ ገመዱን እየጎተተ ይጠልቃል፤ ገመዱ ሲፈተለክ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ እንዳይቃጠል ውኃ ይደፋበታል። እንስሳው ለመተንፈስ በወጣ ቁጥር በሌላ ረጅም ጦር እየወጉት በደም መፍሰስ ያደክሙታል። ከሞተ በኋላ በጀልባዎች ተጎትቶ ወደ መርከቡ ይመጣል፤ ከመርከቡ ጎን ታስሮ፣ ስቡ በረጃጅም ቁራጭ ይገፈፋል። ቁራጮቹ በገመድ ተቀጣጥለው በውኃ ላይ እየተንሳፈፉ ወደ ጠረፉ ይሳባሉ፤ እዚያ በእንጨት ላይ ደቀው ተከትፈው፣ ከአገር ቤት በመጣ ጡብ በተገነቡት ምድጃዎች ላይ ወደ ተጣዱት ሰፋፊ የመዳብ ጎላዎች ይገባሉ። ለሠርግ ወጥ ከሚጣደው ጎላ ጋር ልናመሳስለው ብንችልም፣ እዚህ ጎላው ከምድጃው ጋር በግንብ ተያይዞ የተሠራ ነበር፤ በስሜረንበርግም ብዙዎቹ ምድጃዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ሁለት ጎላ ጎን ለጎን የሚጣድባቸው ነበሩ። የቀለጠው ዘይት በጭልፋ እየተቀዳ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወዳለባቸው የእንጨት ገንዳዎች ይፈስሳል፤ ቆሻሻው ከሥር ሲዘቅጥ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ወደ በርሜል ይገለበጣል። ቅባቱ ወጥቶለት የሚቀረው ፍርክስካሽ አይጣልም፤ ተመልሶ ምድጃውን ያነድዳል። ዓሣ ነባሪው በራሱ እሳት ነበር የሚቀቀለው ማለት ነው። ሽታውን ማሰብ ይከብደኛል።

ሥጋው አይፈለግም ነበር፤ ስቡ የተገፈፈለት ግዙፍ ሬሳ ለወፍና ለነጭ ድብ ይለቀቃል። ዘይቱ በአውሮፓ ለመብራት፣ ለሳሙና፣ ለቆዳ ማልፊያ ይውላል፤ እንደ ቀንድ ያሉት ዘንጎች ደግሞ በጊዜው ሌላ ነገር የማይተካው የሚተጣጠፍ ቁስ በመሆናቸው፣ ውለው አድረው የሴቶች የወገብ ማጥበቂያ፣ የጃንጥላ አጥንትና የአለንጋ እጀታ ሆነዋል።

በ1619 የሸራ ድንኳኖቹ በእንጨት ቤት መተካት ጀመሩ። ቤቶቹ በየከተማው ቅርንጫፍ ስም የተያዙ ነበሩ፤ የአምስተርዳም፣ የሚደልበርግ፣ የፍሊሲንገን፣ የኤንክሃውዘን፣ የደልፍት፣ የሆርን እያሉ ከፊታቸው የየራሳቸው ምድጃ ይነድ ነበር። ሆላንዶቹ ከባስኮቹ አጠገብ ሆነው ሙያውን ከተማሩ በኋላ የውጭ ቅጥረኞቹ ቀስ በቀስ አላስፈለጓቸውም። ባስኮቹ የዚህ ታሪክ መምህራን ሆነው ሳለ በሥዕሉም በተረቱም ውስጥ ስማቸው እምብዛም አለመነሣቱ ቅር ያሰኘኛል።

በጋው ሲያልቅ ሁሉም ወደ አገሩ ይመለሳል። ጎላው፣ ጀልባው፣ መሣሪያው ግን እዚያው ይቀራል፤ ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው። በ1632 ባስክ መርከበኞች ከስቫልባርድ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለችው በያን ማየን ደሴት የነበረውን የሆላንዶች ጣቢያ ዘረፉ። ኩባንያውም ንብረቱን ክረምቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሰው ለማስቀመጥ ወሰነ። በ1633 መገባደጃ ሰባት ሰዎች በስሜረንበርግ፣ ሌሎች ሰባት ደግሞ በያን ማየን ቀሩ። የስሜረንበርጎቹ፣ በያኮብ ሴገርስ ፋን ደር ብሩገ እየተመሩ፣ አጋዘንና ቀበሮ እያደኑ፣ ትኩስ ሥጋ እየበሉ፣ የዕለት ውሏቸውን እየጻፉ ሁሉም በሕይወት ከረሙ። የያን ማየኖቹ ሁሉም ሞቱ። ኩባንያው ከሁለቱ ውጤቶች የመረጠው የመጀመሪያውን ማመን ነበር፤ በ1634 በአንድሪስ ያንስ የሚመሩ ሌሎች ሰባት ሰዎችን በስሜረንበርግ አስቀረ።

የእነዚህ የኋለኞቹ ማስታወሻ ለማንበብ ይከብዳል። እንደ ቀደሙት ትኩስ ሥጋ በበቂ ሳያገኙ ቀሩ፤ ስከርቪ፣ ማለትም ዛሬ ከቫይታሚን ሲ እጥረት እንደሚመጣ የምናውቀው በሽታ፣ ድዳቸውን አሳብጦ፣ መገጣጠሚያቸውን አሳስሮ አንድ በአንድ ጣላቸው። መጀመሪያ የሞቱትን፣ ገና አቅም ያላቸው ጓደኞቻቸው ሣጥን ሠርተው ከተቷቸው። ማስታወሻው በ1635 በየካቲት መጨረሻ፣ ከወራት ጨለማ በኋላ ፀሐይ እንደገና በታየችበት ሰሞን ይቋረጣል፤ የቀሩት አራቱ በየመኝታቸው ተዘርግተው፣ አንዳቸው እንኳ ተነሥቶ ማገዶ ቢያመጣ ለመብላት እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ከሕመሙ የተነሣ መንቀሳቀስ የሚችል እንደሌለ ይናገራል። በበጋ የመጡት መርከበኞች ሰባቱንም ሞተው አገኟቸው። ክረምቱን ሰው የማስቀመጡ ሙከራ እዚህ ላይ አበቃ። ሰባት ሰው የተከፈለበት ንብረት ጎላና ጀልባ መሆኑን ሳስብ፣ እነዚህ ሰዎች በማን ስሌት እዚያ እንደቀሩ ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ ኩባንያው ስሌቱን ያቆመው ትርፉ እንደማያዋጣ ሲገባው ነው።

የተራ አዳኞቹን ፊት የሚያሳየን ነገር እምብዛም የለም። ለእኔ ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ በአምስተርዳም ከተማ ባለው ራይክስሙዚየም የሚገኙት የሱፍ ቆቦች ናቸው። በ1980 ከአምስተርዳም ደሴት በሰሜን ምሥራቅ በኩል ባለችው በይትረ ኖርስኮያ ደሴት ላይ ከተቆፈሩ መቃብሮች የወጡ ናቸው፤ በረዷማው መሬት ሱፉን ሳይበሰብስ አቆይቶታል። ቆቦቹ ወፍራም፣ በእጅ የተሠሩ፣ ጭንቅላትን ጥብቅ አድርገው የሚይዙ ሲሆኑ፣ አንዱ ከሌላው በቀለምና በመስመር ይለያል። በብርዱ ምክንያት ተሸፋፍነው ዓይናቸው ብቻ ለሚታይ ሰዎች ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በቆቡ እንደነበር ይነገራል። ሟቾቹ ከነቆባቸው ተቀብረዋል። ከዚያው መቃብር የወጡ አጥንቶች ላይ የተደረገው ምርመራም በብዙዎቹ ላይ የስከርቪን ምልክት አሳይቷል። ስማቸው በየትም አልተጻፈም፤ የቆባቸው መስመር ግን እስካሁን ይቆጠራል።

በዚያው ሙዚየም በ1639 በኮርኔሊስ ደ ማን የተሳለ፣ የስሜረንበርግን የዘይት ማፍያ ያሳያል ተብሎ የሚታወቅ ሥዕል አለ። ጭስ፣ ጎላ፣ በርሜል፣ የሚሯሯጡ ሰዎች፣ በጠረፉ ላይ የተጋደሙ ዓሣ ነባሪዎች ሞልተውበታል። ይሁንና ከኋላ የሚታየው ተራራ በያን ማየን ደሴት ላይ ያለው እሳተ ገሞራ፣ ቤረንበርግ፣ በመሆኑ ተመራማሪዎች ሥዕሉ የሚያሳየው የዚያን ደሴት ጣቢያ ነው ይላሉ። ስሜረንበርግ የራሷ ያልሆነ ከተማ እንደተወራላት ሁሉ፣ የራሷ ያልሆነ ሥዕልም ተሰጥቷታል።

መንደሯ ብዙ አልቆየችም። በ1642 የኩባንያው ብቸኛ መብት ሲያበቃ አደኑ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ነገር ግን ወሽመጡ ውስጥ ዓሣ ነባሪ እየጠፋ ሄዶ፣ በ1660 አካባቢ ስሜረንበርግ ተጥላለች። ለምን ጠፉ የሚለው ጥያቄ ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። አንዱ ወገን፣ የአየር ጠባዩ ቀዝቅዞ የባሕሩ በረዶ ስለተለወጠ ዓሣ ነባሪዎቹ ከወሽመጡ ወደ በረዶው ጠርዝ ሸሹ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ጠረፍ ይመጡ የነበሩት ተገድለው አለቁ ይላል። ሁለቱ አብረው መሆን የሚችሉ ይመስለኛል፤ ሆኖም የመጀመሪያው ብቻውን ሲነገር ሰውን በጣም በቀላሉ ነጻ የሚያወጣ ሆኖ ስለማገኘው በጥርጣሬ ነው የምሰማው። ምክንያቱም አዳኞቹ ተከትለዋቸው ሄደዋል። ስቡ በበርሜል እየተጫነ ወደ አገር ቤት ስለተወሰደ ጠረፍና ምድጃ ማስፈለጉ ቀረ፤ በ1680ዎቹ በአንዳንድ ዓመታት ከሆላንድ ብቻ ከ200 በላይ መርከቦች ወደ በረዶው ጠርዝ ይዘምቱ ነበር። ስለዚህ ጣቢያዋ መዘጋቷ ለዓሣ ነባሪዎቹ እረፍት አላመጣም፤ የአደኑ ትልቁ ዘመን ከእሷ በኋላ የመጣው ነው፤ ስሜረንበርግ ልምምዱ ነበረች።

ዛሬ ቦታው ሰሜን ምዕራብ ስፒትስበርገን ተብሎ በ1973 የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። በስቫልባርድ ከ1946 በፊት የነበረ የሰው ሥራ ሁሉ በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ ጡብ አንሥቶ መሄድ ክልክል ነው። ጎብኚዎች በመርከብ መጥተው የሚያዩት ግን ብዙ አይደለም፦ ከጎላዎቹ እየፈሰሰ የወጣው ዘይት ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ተጋግሮ እንደ ኮንክሪት የደረቀባቸው፣ ክብ ቅርጻቸውን እንደያዙ የቀሩ ጉብታዎች ናቸው። ባሕሩ ጠረፉን እየበላ ከምድጃዎቹ የተወሰኑትን ወስዷል። በአካባቢው ባሉ መቃብሮችም በረዷማው መሬት መቅለጥ በመጀመሩ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ልብስ በዚህ ዘመን እየበሰበሰ ነው። ሙታንን ባሉበት መተው ይሻላል የሚለውን ሐሳብ አከብራለሁ። ቢሆንም፣ እንዲሁ ከተተዉ የሚቀብራቸው መሬት ሳይሆን የሚያጥባቸው ባሕር ስለሆነ፣ በ1980 የተቆፈሩት ባይቆፈሩ ኖሮ ስለነዚያ ሰዎች ምን እናውቅ ነበር ብዬ ስጠይቅ ወደ ቁፋሮው አዘነብላለሁ።

ዓሣ ነባሪዎቹስ? በስቫልባርድና በግሪንላንድ መካከል ባለው ባሕር የነበሩት ቦውሄዶች አደኑ ሳይጀመር በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ እንደነበር ይገመታል። ቦውሄድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከንግድ አደን የተጠበቀው በ1930ዎቹ ሲሆን፣ በዚህ ባሕር ያለው ዘር ጠፍቷል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። አልጠፋም። ከ2010 እስከ 2014 በባሕሩ ውስጥ በተቀመጡ ማዳመጫዎች ክረምቱን ሙሉ ሲዘፍኑ ተቀድተዋል፤ ተመራማሪዎቹም 184 የተለያዩ ዜማዎችን ለይተዋል። በ2015 በተደረገ ቆጠራ የተገመተው ቁጥር ግን 343 ነበር። ጥበቃው ወደ መቶ ዓመት ቢቃረብም ቁጥሩ ከዚህ ያልዘለለበት አንዱ ምክንያት በእንስሳው አኗኗር ውስጥ አለ፦ ቦውሄድ ከ200 ዓመት በላይ መኖር የሚችል፣ ለመውለድ ወደ 25 ዓመት ገደማ የሚፈጅበት፣ ከዚያም በኋላ በሦስትና በአራት ዓመት አንድ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ የሚወልድ ፍጥረት ነው። አዳኞቹ በአንድ በጋ የሚያጎድሉትን ለመተካት ትውልዶች ያስፈልጉታል። በዚህ ስሌት ዛሬ በዚያ ባሕር ያሉት ዕድሜ ጠገብ ቦውሄዶች የአደኑን የመጨረሻ ዘመን ራሳቸው ያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከስሜረንበርግ ዘመንም የሚለያቸው የጥቂት ቅድመ አያቶች ዕድሜ ብቻ ነው።